መልስ፦ የቀጥታ መስመር ግራፍህ ለምን ጎበጠ?

የዋይ = ⅔ኤክስ − 1 ግራፍ ቀጥ ማለት ሲገባው ጎበጠብኝ ብለህ ጠይቀሃል። ቀመሩን በትክክል ነው የተጠቀምከው። ያስቸገሩህ የመረጥካቸው የኤክስ ዋጋዎች ናቸው። ዋይ = ⅔ኤክስ − 1 ላይ 1፣ 2 እና 4 ስታስገባ፣ ለዋይ የምታገኘው −⅓፣ ⅓ እና 1⅔ ነው። እነዚህን ባለካሬ ወረቀት ላይ በግምት ስታስቀምጥ ነጥቦቹ ትንሽ ትንሽ ይሸሻሉ። የጎበጠብህ ለዚህ ነው።

የክፍልፋዩ ታህት (የታችኛው ቁጥር) 3 ስለሆነ፣ ለ3 የሚካፈሉ ቁጥሮችን ውሰድ፦

ኤክስ −3 ሲሆን ዋይ −3
ኤክስ 0 ሲሆን ዋይ −1
ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ 1
ኤክስ 6 ሲሆን ዋይ 3

ልብ በል፣ ኤክስ በ3 ሲጨምር ዋይ ሁልጊዜ በ2 ይጨምራል። ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋትነት) ⅔ ነው ሲባል ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሁለት ነጥብ ብቻ እንዳታሰምር። ታናሽ እህቴን ሳስጠና አንዱን ዋጋ ተሳስታ ነበር፤ ማስመሪያው ግን ሁለቱን ነጥቦች ቀጥ አድርጎ አገናኛቸው። የትኛውም ሁለት ነጥብ በቀጥታ መስመር ይገናኛል። ስህተቱን የሚያጋልጠው ሦስተኛው ነው። እሱ መስመሩ ላይ ካልዋለ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ኤክስ ደግመህ አስላ። ብዙ ጊዜ የምትረሳው የመቀነስ ምልክቷ ናት።