ባትሪው ለምን ማሳ ላይ ይቀመጣል? በእንግሊዝ ስለ አማራጭ ቦታዎች ምዘና የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በእንግሊዝ ገጠር ግዙፍ የባትሪ ማከማቻ ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ኩባንያው ብዙውን ጊዜ «ሌሎች ቦታዎችን አይተን ይህንን መረጥን» የሚል ሰነድ ከማመልከቻው ጋር ያያይዛል። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ደጋግሜ ስላነበብሁ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተዘጋ ፋብሪካ ባዶውን ቆሞ ሳለ፣ ስንዴ የሚበቅልበት ማሳ ለምን ይመረጣል?

ኩባንያዎቹ ፍለጋውን የሚጀምሩት ከመሬቱ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ስለሆነ ነው። ባትሪው ትርፍ ኃይል ሲኖር ሞልቶ፣ እጥረት ሲመጣ መልሶ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ትርፍ አቅም ካለው ጣቢያ በራቀ ቁጥር የመሬት ውስጥ ገመዱ ወጪ ይንራል፤ ገመዱ የሚያልፍባቸው ባለይዞታዎችም ይበዛሉ። ትልልቆቹ የ400 ኪሎ ቮልት ጣቢያዎች ደግሞ ብዙዎቹ ገጠር ውስጥ ናቸው፤ ምክንያቱም የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ለማቀዝቀዣ ውኃ ሲሉ እንደ ትሬንት ባሉ ወንዞች ዳር ተሠርተው ነበር። የመጨረሻው፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር፣ በመስከረም 2024 ቢዘጋም የእነዚህ ማመንጫዎች የማስተላለፊያ መስመሮች ዛሬም ያገለግላሉ። በ2022 ሥራ የጀመረው፣ ከሃል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የፒልስውድ ማከማቻ 98 ሜጋ ዋት የመስጠት፣ 196 ሜጋ ዋት ሰዓት የመያዝ አቅም አለው፤ እርሱም ቦታውን ያገኘው በክሬክ ቤክ ጣቢያ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኩባንያው የተሻለ ቦታ አለመኖሩን የማስረዳት ግዴታ አለበት ማለት ነው?

ብዙ ተቃዋሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለጎርፍ በተጋለጠ ቦታ ከሆነ አዎን፤ ብሔራዊው የፕላን ፖሊሲ አነስተኛ ሥጋት ያለበት ቦታ በቅድሚያ እንዲፈተሽ ያዝዛል። ለእርሻ መሬት ግን የሚለው፣ ሰፊ የእርሻ መሬት መውሰድ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ይቀድም ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2023 ብራምሌ በተባለች የሃምፕሻየር መንደር የፀሐይ ኃይል ጉዳይ ላይ፣ ይህ አንቀጽ በእርሻ መሬት ረገድ እንደ ጎርፉ ያለ ደረጃ በደረጃ የሚካሄድ ፍተሻን እንደማያስገድድ ወስኗል። ስለዚህ «ፍተሻው አልተደረገም» ብሎ ብቻ መቃወም አያዋጣም። ሰነዱ ቀርቦ ደካማ ከሆነ ግን ድክመቱን ማሳየት ይቻላል፤ ኩባንያው ራሱ የተመረኮዘበት ማስረጃ ነውና።

ጥያቄ፦ የመሬቱ ጥራት እንዴት ይለካል?

የእኛ የቀድሞ የመሬት ግብር ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ እንደሚለየው ሁሉ፣ እንግሊዞችም መሬታቸውን ከ1 እስከ 5 ይመድባሉ። ሦስተኛው ደረጃ 3ሀ እና 3ለ ተብሎ ይከፈላል፤ 1፣ 2 እና 3ሀ «ምርጥ» የሚባሉት ናቸው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው በ3ሀ እና በ3ለ መካከል ሲሆን፣ በሰፊው የሚጠቀሰው የድሮ ካርታ ሁለቱን ጨርሶ አይለያቸውም። አፈሩን በመሰርሰሪያ እያወጡ በቦታው ላይ መመርመር ያስፈልጋል። ከ20 ሄክታር ያላነሰ ምርጥ መሬት የሚያስወጣና ከአካባቢው ፕላን ውጭ የሆነ ማመልከቻ ሲቀርብ የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ አማካሪ አስተያየት ይጠየቃል፤ የባትሪ ማከማቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሄክታር ብቻ ስለሚይዝ ከዚህ ወሰን በታች ያመልጣል። ጥያቄውን ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ወይም ነዋሪው ካላነሣው የሚያነሣው የለም።

ጥያቄ፦ የንጽጽር ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

እኔ መጀመሪያ የማየው የፍለጋውን ክብ፣ ማለትም በማከፋፈያ ጣቢያው ዙሪያ ቦታ የተፈለገበትን ክልል ነው። ክቡ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ለምን ሦስት አልሆነም? የገመዱ ወጪ በስሌት ተደግፎ ካልቀረበ፣ ክቡ የተመረጠውን ማሳ ብቻ እንዲያስገባ ሆኖ የተሣለ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቀናቱን አነጻጽራለሁ፤ ከባለመሬቱ ጋር የኪራይ ስምምነት ከተፈረመ ከወራት በኋላ የተጻፈ «ምዘና» ፍለጋ ሳይሆን ማመካኛ ነው። ሦስተኛው የውድቅ ማድረጊያ ምክንያት ነው፦ አንዱ ቦታ «ለመኖሪያ ቤት ቅርብ ነው» ተብሎ ከተጣለ፣ የተመረጠውም በዚያው መለኪያ መለካት አለበት። አንድ ጊዜ ያነበብሁት ሰነድ አማራጩን በ300 ሜትር ርቀት ምክንያት ሲጥል፣ የራሱ ቦታ ከአንድ የገበሬ ቤት ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ መሆኑ በአባሪ ካርታው ላይ ብቻ ይታይ ነበር። «ባለመሬቱ ፈቃደኛ አይደለም» የሚለው ምክንያት ግን ሕጋዊ ነው፤ ባለመሬቱ በደብዳቤ መጠየቁን የሚያሳይ ማስረጃ እስካለ ድረስ እቀበለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለእሳት አደጋ ሲባል የቀድሞ ፋብሪካ ቦታ አይሻልም?

ሁልጊዜ አይደለም። በጥር 2025 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ከቤታቸው ያስወጣው ቃጠሎ የተነሣው በአሮጌ የኃይል ማመንጫ የተርባይን አዳራሽ ውስጥ በተደረደሩ ባትሪዎች ነበር፤ በጣሪያ ሥር ተጠጋግተው መደርደራቸው ጉዳቱን አክፍቶታል። ክፍት ሜዳ ባትሪዎቹ የሚቀመጡባቸውን ኮንቴይነሮች አራርቆ ለማቆም ያመቻል። ነገር ግን የእንግሊዝ የእሳት አደጋ መከላከያ ኃላፊዎች ምክር ቤት በመጀመሪያው መመሪያው በደቂቃ 1,900 ሊትር ውኃ ለሁለት ሰዓት እንዲገኝ ሲያሳስብ፣ ያ 228,000 ሊትር ነው። ገጠር ውስጥ ከየት እንደሚመጣ፣ የተበከለውም ውኃ ወደ የትኛው ጅረት እንደሚወርድ በየቦታው መነጻጸር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ማሳው ከ40 ዓመት በኋላ ይመለሳል ይላሉ። ይታመናል?

ከፀሐይ ፓነል በታች በግ ይሰማራል፤ ከባትሪ ሥር ግን ጠጠርና ኮንክሪት ነው። የላይኛው አፈር ተለይቶ ካልተከመረና በከባድ ማሽን ከተጠቀጠቀ፣ የቀድሞ ደረጃው ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። የአፈር አያያዝ ዕቅድና ለማፍረሻው የሚሆን የገንዘብ ዋስትና በፈቃዱ ውስጥ እንዲካተቱ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ከፈቀደ በኋላ ይግባኝ ማለት እንችላለን?

አይቻልም። ይግባኝ ፈቃድ የተከለከለ አመልካች መብት እንጂ የጎረቤት መብት አይደለም። ለእናንተ የሚቀረው የፍርድ ቤት ምርመራ ሲሆን፣ እርሱም ውሳኔው በተሰጠ በስድስት ሳምንት ውስጥ መቅረብ ያለበትና የሕግ ስሕተትን ብቻ የሚመለከት ነው። ስለ ክቡ፣ ስለ ቀናቱና ስለ አፈሩ ያላችሁን ጥያቄ፣ ማመልከቻው በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ከመቅረቡ በፊት በጽሑፍ አስገቡ።