ፋይሉ ሲዘጋ የሚበላሸው ፎርሙላ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የአራት መድኃኒት ቤት ቅርንጫፎችን ሽያጭ በአንድ የኤክሴል ፋይል ታጠቃልላለች። ቅርንጫፎቹ በየወሩ የየራሳቸውን ፋይል ይልካሉ። የዋናው ፋይል ፎርሙላ አራት ሰምኢፍ (የተባለውን መስፈርት የሚያሟላውን ብቻ የሚደምረው) በመደመር ምልክት የተቀጣጠሉበት ነው። የቅርንጫፎቹ ፋይሎች ተከፍተው ሳሉ ሁሉም ልክ ነው። እነሱን ዘግታ በማግስቱ ዋናውን ብቻ ከፍታ አፕዴት ስትለው ግን ገጹ በሙሉ ቫልዩ በሚል ስህተት ይሞላል። “ፎርሙላው አራት መስመር ሆኗል፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ጠፋኝ” ብላለች።

እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። የሰምኢፍ ዓመሉ ነው። ሰምኢፍም፣ ሰምኢፍስም፣ ካውንትኢፍም ከተዘጋ ፋይል ማንበብ አይችሉም። ቪሉክአፕና ኢንዴክስ ይችላሉ። ሰምፕሮዳክትም ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው “በሱ ቀይሪው” ይልሻል። ይሠራል፣ ግን ሙሉ ዓምድ ከሰጠሽው ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ፎርሙላውም አያጥርም። የወሩን ስም ሴል ላይ ጽፈሽ በኢንዳይሬክት (በጽሑፍ የተሰጠውን አድራሻ ሄዶ በሚያነበው) ጥሪው የሚልሽም አይጠፋም። እሱ ደግሞ ፋይሉ ሲዘጋ ሬፍ የሚል ስህተት ይሰጥሻል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ አብዛኛው ፎርሙላ ሳይሆን አድራሻ ነው። የቅርንጫፉ ፋይል ክፍት ከሆነ ኤክሴል የሚያሳይሽ የፋይሉን ስም ብቻ ነው። ሲዘጋ ከድራይቩ ጀምሮ የፎልደሮቹን ስም በሙሉ ይደረድረዋል፣ ያውም አራት ጊዜ። ፎርሙላ ማስተካከል ስትፈልጊ መጀመሪያ አራቱንም ክፈቻቸው፣ ግማሹ ጭንቀት እዚያው ያልቃል። ረጅሙን ደግሞ በኦልት እና ኢንተር መስመር በመስመር ክፈይው። አንዱን ክፍል ብቻ መርጠሽ ኤፍ9 ብትጫኚ ውጤቱን ያሳይሻል። ስትጨርሺ ኢስኬፕ በይ፣ ኢንተር ካልሽ የመረጥሽው ክፍል በቁጥር ተተክቶ ይቀራል።

እኔ ብሆን ግን ፎርሙላውን አልጠግነውም። አንድ ፎርሙላ ሁለት ሥራ ይዟል፦ ከሩቅ ያመጣል፣ ያመጣውን ያሰላል። ለያያቸው። በዋናው ፋይል ውስጥ ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ መቀበያ ሺት ክፈቺ። እዚያ ላይ ምንም ስሌት የለም፣ የእኩል ይሆናል ምልክት (=) ጽፈሽ የቅርንጫፉን ሠንጠረዥ እንዳለ ሴል በሴል ማምጣት ብቻ፣ ከታችም ወደፊት ለሚጨመሩ መስመሮች ትርፍ ቦታ ይዘሽ። ባዶው ሴል ዜሮ ሆኖ ይመጣል፣ አትደንግጪ። ሰምኢፉ ከዚያ በኋላ የሚያነበው እዚሁ ካለ ሺት ስለሆነ ያጥራል፣ ፋይሎቹ ቢዘጉም አይነጫነጭም። ሌላም ጥቅም አለው። ዋናው ፋይል ተዘግቶ ሳለ ቅርንጫፉ መሃል ላይ መስመር ቢያስገባ ሊንኩ ተከትሎ አይሄድም፣ የድሮውን ሴል እንደያዘ ይቀራል። ሠንጠረዡን እንዳለ ካመጣሽውና በዕቃው ኮድ ከደመርሽ ግን መስመሩ ወደላይም ወደታችም ቢንሸራተት ግድ የለሽም።

ኤክሴልሽ 2016 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከዚህም የተሻለ አለ፣ ፓወር ኩዌሪ፣ ከብዙ ፋይል ዳታ የሚሰበስብ የኤክሴሉ የራሱ መሣሪያ። አራቱን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ትከቻለሽ፣ ዳታ ከሚለው ትር ከፎልደር አምጣ ትይዋለሽ፣ ከዚያ በየወሩ ሪፍሬሽ ብቻ ነው። የዓምዶቹ ርዕስ በሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት ይሁን። በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ “ሂሳብ” ሌላው “ሒሳብ” ብሎ ከጻፈ ለኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያየ ቃል ነው። የመድኃኒት ስም ላይም እንደዚያው። ለዚህ ነው ኮድ የምልሽ።

ፋይል በፍላሽ የምታመላልሺ ከሆነ ዋናውንና የቅርንጫፎቹን በአንድ ፎልደር አድርገሽ አብረሽ ውሰጂ፣ ያኔ ሊንኩ አይጠፋም። ወር ሲቀየር ፎርሙላ ውስጥ ገብተሽ ስም አትለውጪ፣ ኤዲት ሊንክስ (በአዲሶቹ ኤክሴሎች ወርክቡክ ሊንክስ) የሚለው ውስጥ ቼንጅ ሶርስ አለልሽ። አጠገቡ ያለውን ብሬክ ሊንክ ግን አትንኪው። እኔ አንድ ሰኔ 30፣ ሒሳብ መዝጊያ ላይ፣ በድካም ነክቼው ፎርሙላው ሁሉ ደረቅ ቁጥር ሆኖ ቀረ። መመለሻ የለውም። ባክአፕ ባይኖረኝ ኖሮ ሐምሌ 1ን እንዴት እንደማሳልፈው አላውቅም።

ስህተቱ ዓይን አስጠላኝ ብለሽ በኢፍኤረር (ስህተቱን በሌላ ነገር በሚተካው) ዜሮ እንዳታለብሺው ደግሞ። ፋይሉ ያልተነበበ ቅርንጫፍ ምንም ያልሸጠ መስሎ ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ ጠያቂው ደግሞ አለቃሽ ነው።

መጀመሪያ በአንድ ወር ብቻ ሞክሪው፣ ከድሮው ድምር ጋር አመሳክሪ። ካልገጠመ ከኮዱ ኋላ የተረሳ ባዶ ቦታ ወይም ቁጥር መስሎ በጽሑፍ የገባ ዋጋ ፈልጊ።