ሲፓፑን አልጋ ሥር ለከተተው ባለቤትሽ

እህቴ፣ «ባለቤቴ ተኝቶ ትንፋሹ ስለሚቋረጥ ሲፓፕ የሚባል በጭንብል አየር የሚነፋ ማሽን ታዘዘለት፤ እሱ ግን ታፈንኩ ብሎ በሳምንቱ አልጋ ሥር ከተተው፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሳምንትም አልቆየሁ፣ በአራተኛው ሌሊት ነው የወረወርኩት።

የእኔን ማንኮራፋት እዚህ ባሕር ዳር ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቴን ያስፈራት ግን ዝምታው ነበር። ጭጭ እላለሁ፣ ከዚያ ጣና ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው አየር ስቤ እባንናለሁ። አንድ ቀን ከዘጌ ቡና ጭኜ ስመለስ መሪ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ቦይ ውስጥ ልገባ ለጥቂት ተረፍኩ። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሌሊት ሲለኩኝ ትንፋሼ በሰዓት 38 ጊዜ ይቋረጣል ወይም ያጥራል አሉኝ። ከ30 ካለፈ ከባድ ነው የሚባለው።

ማሽኑን ስጀምር ሰፈር ውስጥ «ኦክስጅን ላይ ነው» ተብሎ ተወራ። ኦክስጅን አይደለም። የክፍሉን አየር በግፊት እየነፋ፣ ስንተኛ የሚደፈነውን ጉሮሮ ክፍት ያደርጋል፤ ሌላ ተአምር የለውም።

የእኔ ጣጣ ጭንብሉ ነበር። የሸጠልኝ ሰው ፊቴን ሳይለካ ትልቁን አንስቶ ሰጠኝ። አየሩ ሽቅብ እየሾለከ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ማሰሪያውን ባጠበቅሁት ቁጥር ባሰበት። ክሊኒኩ ስመለስ ነርሷ አስተኝታ፣ ማሽኑን ከፍታ ለካችኝና አፍንጫ ላይ ብቻ የሚሆን ትንሽ ጭንብል ቀየረችልኝ። ባለቤትሽ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ግን አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ይሻለዋል። ግፊቱንም ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨምር አደረጉልኝ። ቀን ቀን ቴሌቪዥን እያየሁ ግማሽ ሰዓት አጠልቀው ነበር። ልጆቼ ሳቁብኝ፣ ግን ለመድኩት።

መብራት ሲጠፋ ጭንብሉን ያውልቅ፣ በጎኑ ይተኛ። እኔ በኋላ ባትሪ ገዛሁ። የሚነፋውን አየር የሚያረጥበው የማሽኑ ውሃ ማሞቂያ ባትሪ ስለሚጨርስ ያኔ አጠፋዋለሁ። ማሞቂያው ውስጥ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው የሚገባው፤ የቧንቧ ውሃ ቢፈላም ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጭንብሉን በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። አረቄ ማታ ማታ ካለ ይቅር፣ ጉሮሮን ያዝላል።

ግፊቱን ራሳችሁ አትነካኩ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመ፣ አየር እንደሾለከ፣ ትንፋሹ እንደተቋረጠ ይመዘግባል፤ ሐኪሙ ያንን አይቶ ያስተካክላል። በአንድ ሌሊት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል ተጠቀሙበት ይሉናል፣ እንቅልፉን ሙሉ ቢሆን ግን ይመረጣል። እኔን ወደ አራት ሰዓቱ ለመድረስ ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ለመሆኑ ባለቤትሽ ጺም ያሳድጋል? አየሩ በዚያ በኩልም ይሾልካል። ክሊኒኩ ስትደውይ ይህንንም ንገሪያቸው።