«ከልጄ ጋር ልኖር ነው» ብላ መለሰች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ኢንጂነር ከአሜሪካ ኩባንያ የተላከለትን የሥራ ውል አሳየኝ። ደመወዙን ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። «ባለቤትህስ?» ስለው «እሷ ችግር የለም፣ ትከተለኛለች» አለኝ። እኔም ያኔ ቃል በቃል እንደዚሁ ብዬ ነበር።

ኤች-1ቢ በሚባለው የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሚስቴና ልጄ በኤች-4 ተከተሉኝ። ይህ ቪዛ ለትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ላለ ላላገባ ልጅ ነው፤ ለሌላ ለማንም አይሆንም። መኖርና መማር ይቻላል፣ መሥራት ግን ያኔ አይቻልም ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ ላይ ነርስ ነበረች። አራት ዓመት ቤት ዋለች። ነጭ ጋዋኗን ግን አልፎ አልፎ ከሻንጣ አውጥታ ትተኩሰው ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 አይ-140 የተባለው፣ አሠሪው የሚያስገባው የግሪን ካርድ ማመልከቻ የጸደቀለት ሠራተኛ ባለቤት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ እንድትችል ተፈቀደ። ስለዚህ ስለ ደመወዝ ብቻ አትደራደሩ። «ግሪን ካርዱን መቼ ትጀምሩልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ወረቀታችሁንም እዩ። ልጄ የተወለደው ሚያዝያ 1988 ነው። ተርጓሚው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሰው 7 ጨምሮ 1995 አለው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲህ ግን 8 ነው የሚጨመረው። ልጄ በወረቀት አንድ ዓመት አረጀ! በ21 ዓመት በሩን ለሚዘጋ ቪዛ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ለማስተካከል አምስት ወር ፈጀብን። በቤተ ክርስቲያን ብቻ የተጋባችሁ ካላችሁ ደግሞ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። የባልና የሚስት የአባት ስም እንደማይገጥም ለፈረንጅ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አገሩ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ብሪታንያ በማርች 2024 አዲስ ለሚገቡ የእንክብካቤ ሠራተኞች ሚስትም ልጅም ማምጣትን ከለከለች። ጀርመን በዚያው ወር ለአዲስ ባለሙያዎች ወላጆቻቸውን ጭምር የሚያመጡበትን መንገድ ከፍታለች፤ የጤና መድኅናቸውንና ቀለባቸውን ከቻላችሁ ማለት ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነው። እናት በእናንተ እጅ ብትጦርም ኤች-4 አያውቃትም። የቀራት የጉብኝት ቪዛ ነበር። ሕጉ ደግሞ አመልካችን ሁሉ «ሊቀር ነው» ብሎ ይጀምራል፤ አለመሆኑን ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ኤምባሲው መስኮት ጋ «ለምንድን ነው የሚሄዱት?» ሲሏት «ከልጄ ጋር ልኖር ነው» አለች። ሁለት ወር ሰንብቼ ልምጣ ማለቷ ነበር። ወዲያው ተከለከለች። እሷ እኮ የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ ብታስሯትም አትቀር!

የአሜሪካ ዜጋ ወላጅ የግሪን ካርድ ወረፋ የለበትም። እኔም ዜግነት እስካገኝ ጠበቅሁና አመለከትኩላት። መጣች። በሦስተኛው ወር ቡና እያፈላች «በል ቲኬት ቁረጥልኝ፣ የዕድሩን ሒሳብ ሳልዘጋ ነው የመጣሁት» አለችኝ።