ተረከዜ ላይ ሜላኖማ ነው አሉኝ፣ ኦንኮሎጂ ስገባ ምን ልበል?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ጣና ዳር አሳ ጠብሼ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ግራ ተረከዜ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶብኝ እሾህ ገብቶ የቀረ መስሎኝ ዝም አልኩት፣ ኋላ እየሰፋ ሲሄድና መድማት ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄድኩ ቅባት ሰጡኝ፣ አልተሻለኝም፣ በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሀኪም አይታኝ ወዲያው ናሙና አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ሜላኖማ ነው የቆዳ ካንሰር ነው አለችኝና ኦንኮሎጂ (የካንሰር ህክምና ክፍል) ቀጠሮ አስያዘችኝ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ከዛ በኋላ ያለችኝን አንዱንም አልሰማሁም ጆሮዬ ጭው አለብኝ። ወረቀቱ ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ይላል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

ጎረቤቶቼ ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም ተሳስተው ነው ይሉኛል። እናቴ ዘጌ ናት፣ ሁሉን ትተሽ ጸበል ግቢ ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ቀጠሮውን ተይውና አዲስ አበባ ነይ ጥቁር አንበሳ እንሄዳለን ይላል። እኔ ከሁሉ የምፈራው እግሬን እንዳይቆርጡት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው'ኮ የምሰራው። ደግሞ ሀኪም ፊት ስቀርብ አፌ ይተሳሰራል፣ እሺ እሺ ብዬ ነው የምወጣው። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልጠይቅ?

ከሐይቅ ዳር

መልስ

እህቴ እግዜር ይማርሽ። በወረቀቱ ልጀምር ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ላይ ነው ያለው። 2.4 ሚሊ ሜትር የሚለው እጢው ከቆዳሽ ላይ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀ ነው፣ ብሬስሎ ይሉታል፣ ሜላኖማ ላይ ሀኪሞች ከስፋቱ ይልቅ አጥብቀው የሚያዩት ጥልቀቱን ነው። ከ1 በታች ከሆነ ስስ ነው፣ ከ4 በላይ ወፍራም፣ ያንቺ መሀል ላይ ነው። ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም፣ ግን ያለቀ የደቀቀ ነገርም አይደለም፣ ስለዚህ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትገቢ። አንድ ነገር ብቻ፣ ናሙናው ከጥቁሩ ከፊሉ ብቻ ከሆነ የተወሰደው ሙሉው ሲወጣ ልኬቱ ሊጨምር ስለሚችል እሱን ጠይቂ።

ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም ግን አትስሚያቸው። እኛ ጠቆር ያልነው ሰዎች ላይ ሜላኖማ ሲመጣ በብዛት ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው፣ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ቦብ ማርሌን በ1981 እ.ኤ.አ. የገደለው በእግሩ ጣት ጥፍር ስር የጀመረ ሜላኖማ ነው። ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን ውጤቱ ስህተት ነው ብለሽ ቀጠሮውን እንዳትተይው ነው።

አሁን እግርሽ። ተረከዝ ላይ ላለ ሜላኖማ እግር መቁረጥ የተለመደው ህክምና አይደለም። የተለመደው እጢውን ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ማውጣት ነው፣ እንዳንቺ ከ2 ሚሊ ለሚበልጥ ዙሪያውን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳሉ። ተረከዝ ላይ ይሄ ሰፊ ቁስል ስለሚሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጭን ወይ ከሌላ ቦታ ቆዳ አምጥተው ይሸፍኑታል፣ እና እሱ እስኪይዝ መርገጥ አይፈቀድም። ላንቺ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው እህቴ፣ ምክንያቱም እንጀራሽ እግርሽ ላይ ነው። ስንት ሳምንት አልረግጥም፣ ክራንች ከየት አገኛለሁ፣ ቁስሉን ማን ያጥብልኛል፣ መቼ ነው እሳት ፊት ቆሜ መስራት የምችለው በያቸው፣ አሳ ጠባሽ ነኝ ብለሽ ስራሽን ንገሪያቸው፣ ቢሮ የምትቀመጭ መስሏቸው እንዳይመልሱልሽ። ልክ ከዛ ስትወጪ ያንን ጊዜ ቦታሽን ማን እንደሚይዝልሽ ከእህትሽም ከጓደኛሽም ጋር ትነጋገሪያለሽ።

ቀጥሎ ንፍፊቱን ጠይቂ። ከተረከዝ የሚነሳ ሜላኖማ መጀመሪያ የሚሄደው በብዛት ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ነው፣ ሀኪሙ በእጁ ይዳብሳል፣ አልትራሳውንድ ወይ ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀበለውን ንፍፊት አውጥተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። "ብሽሽቴ መድረስ አለመድረሱን በምን ታረጋግጣላችሁ" በይ። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሺ፣ ገላሽን በሙሉ ቢያዩልሽ ጥሩ ነው፣ ከከበደሽ ሴት ባለሙያ ትኑር ማለት መብትሽ ነው። እስከዛ እግርሽ ላይ እንሶስላ እንዳታስሪ፣ ጥፍርሽንም ኩቴክስ እንዳትቀቢ፣ ቀለሙ የሚታየውን ይሸፍነዋል። ቁስሉ ላይ ቅጠል የሚያስርልሽ ወይ የሚተኩስልሽ ሰው ከመጣ በጄ አትበይ።

ኬሞ ይሰጡኛል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ፣ ሜላኖማ ለተለመደው ኬሞ ብዙም አይበገርም፣ ዋናው ቀዶ ጥገናው ነው። ኢሚዩኖቴራፒ የሚባል የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድሃኒት አለ፣ ብዙ ሰው የረዳ ነው ግን በጣም ውድ ነው እኛ አገርም እንደልብ አይገኝም። እሱን ካነሱልሽ የግድ ያስፈልገኛል ወይ፣ የት ይገኛል፣ ባልወስደውስ ብለሽ ሳትጠይቂ ምንም ነገር እንዳትሸጪ።

የምትይዢው የፓቶሎጂ (የናሙናው ውጤት) ወረቀቱን ከነኮፒው፣ የምትወስጃቸውን መድሃኒቶች ከነካርቶናቸው (የግፊትም ይሁን የኤችአይቪ ምንም አትደብቂ)፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይ ካጠባሽ እሱንም ንገሪያቸው። ናሙናው ከታየበት ቦታ ስላይዱና ብሎኩ (ናሙናው የተቀመጠበት መስታወትና ሰም) የት እንዳለ ጠይቂ፣ ሌላ ሆስፒታል ከተላክሽ ደግመው ማየት ሊፈልጉ ይችላሉ። ጤና መድህን ካለሽ ደብተሩንና የሪፈር ወረቀቱን አትርሺ፣ ለወንድምሽም የምትነግሪው ይሄንኑ ነው፣ ያለ ሪፈር ዘለሽ አዲስ አበባ ብትሄጂ መድህኑ ላይሸፍንልሽ ይችላል፣ የማክሰኞው ቀጠሮ ግን በእጅሽ ነው ያለው። እዚህ የሌለ ምርመራ ካስፈለገ እነሱው ይፅፉልሻል።

አፍሽ ስለሚተሳሰር ብቻሽን አትግቢ። የማያለቅስ፣ መፃፍ የሚችል ሰው ይዘሽ ግቢ፣ ጥያቄዎቹን ዛሬውኑ ደብተር ላይ ፃፊያቸውና ወረቀቱን ለሀኪሙ ስጪው፣ ማንበብ አያሳፍርም። አስፈቅደሽ በስልክ ብትቀጂም ጥሩ ነው።

እናትሽን አትጣያት። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሀኪምን አክብር እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፣ እሱን የንስሃ አባታችሁ ያንብቡላት። ጸበሉን ከህክምናው ጋር ማድረግ ትችያለሽ፣ ቁስሉን ማርጠብ ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ሀኪሙን ጠይቂና ከቀዶ ጥገናው በኋላ እሱ ባለሽ ጊዜ አድርጊ።

ማክሰኞ ሄደሽ ሀኪሙ የለም ተመለሺ ቢሉሽ ወይ ቀጠሮውን ወራት ቢያርቁት ዝም ብለሽ እንዳትወጪ። የላከችሽን የቆዳ ሀኪም ፈልገሽ ሜላኖማ መሆኑንና 2.4 ሚሊ መሆኑን አስታውሻት፣ ቶሎ ለሚያይሽ ሰው እንድትደውልልሽ ለምኛት።