ጉድጓዱ 15 ኩብ፣ ውሃው ግን 8 ኩብ አይሞላም

«ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት እየሠራሁ ነው። ግንበኛው 3 በ2.50፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከተቆፈረ የምድር ውስጥ ታንከሩ 15 ሺህ ሊትር ይይዛል አለኝ። ልክ ነው? ቦቴ ሲመጣስ የገባውን ሊትር በምን አውቃለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት፦

ልክ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ገና ካልገቡ እንዳይገቡ አድርጊ።

ማባዛቱ ትክክል ነው፤ 3 × 2.50 × 2 = 15 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 15 ሺህ ሊትር። ግን ይሄ የጉድጓዱ ይዘት ነው። ቆፋሪ የሚከፈለው በውጪው ልክ ነው፣ ውሃ የሚተኛው በውስጡ። ሁለቱን አደባልቆ ለባለቤት መንገር በጣም የሚያናድድ ልማድ ነው፤ ባለቤቱ የሚነቃው ሶሌታው (የላይኛው የኮንክሪት ክዳን) ከተሞላ በኋላ ነውና።

1. ግድግዳውን ከሁለቱም በኩል ቀንሺ። ልስኑን ጨምሮ 20 ሳንቲ ከሆነ ከርዝመቱም ከወርዱም 40፣ 40 ሳንቲ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው 20 ብቻ ቀንሶ ያልፋል። የቀረሽ 2.60 በ2.10 ነው፤ ወለሉ 5.46 ካሬ።

2. ጥልቀቱን ከላይም ከታችም ቀንሺ። የወለሉ ኮንክሪት 15 ሳንቲ፣ ሶሌታው 15 ሳንቲ። ትራፊ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ከሶሌታው 15 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ከእሱ በላይ አይወጣም። ከ2 ሜትር የሚተርፍሽ 1.55 ነው። 5.46 × 1.55 = 8.46 ሜትር ኩብ።

3. ይሄም ሁሉ አይወጣልሽም። የፓምፑ መምጠጫ ወለሉን መንካት የለበትም፤ የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ መምጠጫው ወለል ላይ ከተቀመጠ እሱን ስቦ ፓምፑን ይጨርሰዋል። 10 ሳንቲ ከፍ ሲል 546 ሊትር ከታች ይቀራል። እጅሽ የሚገባው 7,917 ሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 15 ሺህ አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግማሹ ላይ ደርሶ ሲደርቅበት አስቢው።

እውነተኛ 15 ሺህ ከፈለግሽ ከማጥለቅ ይልቅ ማስፋት ይሻላል። በዚሁ ወለል ከሆነ ቁፋሮው 3.30 ሜትር ሊደርስ ነው፣ ውሃው በጠለቀ ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ግርጌ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ብረቱም ኮንክሪቱም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። ጥልቀቱን 2 ሜትር ላይ ትተሽ ውስጡን 3.80 በ2.75 አድርጊው። 3.80 × 2.75 × 1.45 = 15.15 ሜትር ኩብ፣ ዝቃጭና ትራፊ ተቀንሶ የተረፈ ንጹህ ውሃ። ውጪው 4.20 በ3.15 ይሆናል፣ ቁፋሮውም ወደ 26.5 ኩብ ያድጋል። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ 15 ኩብ የነበረው መኪና ላይ ሲጫን 19 ኩብ ገደማ ቢሆን ጫኚው አላጭበረበረሽም። ውሉ ላይ ግን «15 ኩብ» ብቻ እንዳይጻፍ። «ከመምጠጫው እስከ ትራፊ ማስወጫው 15,000 ሊትር» ብለሽ አጽፊ፣ የውስጡ ልክም አብሮ ይጻፍ።

ሰገነት ላይ የሚቀመጠው ክብ ታንከር ላይ ሰው የሚሳሳተው ዲያሜትሩን እንደ ሬዲየስ ይዞ ሲያባዛ ነው። መልሱ አራት እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ በበርሜል ሞክሪው። ውስጡ 57 ሳንቲ ስፋት፣ 85 ሳንቲ ቁመት ያለውን ውሰጂ። የ57 ግማሽ 28.5፤ 28.5 × 28.5 × 3.14 × 85 ወደ 216,800 ይመጣል፣ ለ1,000 ሲካፈል 217 ሊትር። 867 ካገኘሽ ግማሹን ረስተሻል። ልኩ በሳንቲ ከሆነ ለ1,000 ማካፈል፣ በሜትር ከሆነ በ1,000 ማባዛት ነው ሊትር የሚሰጥሽ። ሁለቱን ልክ አንድ ስሌት ውስጥ አትቀላቅይ። ትልቁን ክብ ደግሞ መሃሉን ለማግኘት አትልፊ፤ ሲባጎ ዙሪያውን ጠምጥመሽ ለክተሽ ለ3.14 አካፍይ። 4.71 ሜትር ከወጣ ዲያሜትሩ 1.50 ነው፣ በየአንድ ሳንቲ ቁመቱም 17.7 ሊትር ገደማ ይይዛል።

አሁን ወደ ቦቴው። ብዙዎቹ ከኋላ ሲታዩ እንቁላል ቅርጽ ናቸው። ሾፌሩ ወርድ በቁመት በርዝመት አባዝቶ ከነገረሽ አትቀበዪ። 2.20 ወርድ፣ 1.50 ቁመት፣ 4 ሜትር ርዝመት ያለው እንደ ሳጥን ሲሰላ 13.2 ኩብ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ግማሽ ወርድ × ግማሽ ቁመት × 3.14 × ርዝመት ነው፣ 1.10 × 0.75 × 3.14 × 4 = 10.36። ጎዶሎ ሆኖ ሲመጣም ተጠንቀቂ። ውሃው ከቁመቱ ሩብ ላይ ከሆነ ይዘቱ ሩብ አይደለም፣ ከመቶ 20 እንኳ አይሞላም፤ ታቹ ጠባብ ነዋ። በቁመት የምታምኚው ግማሽ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

አቦ፣ ከሾፌር ጋር ምን አከራከረሽ! የራስሽ ታንከር ቀጥ ያለ ግድግዳ ስላለው መለኪያው እሱ ነው። በ5.46 ካሬው ወለል አንድ ሳንቲ ውሃ 54.6 ሊትር ነው፤ 5,000 ሊትር ከተቀዳልሽ ከፍታው 91.5 ሳንቲ ገደማ መጨመር አለበት። ወለሉ 3.80 በ2.75 ከሆነ አንዱ ሳንቲ 104.5 ሊትር፣ ጭማሪው 48 ሳንቲ ገደማ ነው። ደረቅ ዱላ ከመቀዳቱ በፊት ወለል ድረስ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ እርጥቡን ምልክት አድርጊ፣ ከተቀዳም በኋላ እንዲሁ። ሲቀዳ ፓምፑ ይጥፋ፣ ካልሆነ የምትለኪው ልክ አይሆንም። ሂሳቡን ከዱላው በኋላ ክፈዪ።

ባትጠይቂኝም፣ ለግንባታው የምትገዢው አሸዋም ግቢ ውስጥ እንደ ሾጣጣ ተቆልሎ ከተራገፈ ከፍታውን ቀጥ አድርገሽ ለኪ እንጂ ሜትሩን በተዳፋቱ ላይ አትዘርጊ። የግርጌው ዙሪያ 9.42፣ ከፍታው 1 ሜትር ከሆነ 1.5 × 1.5 × 3.14 × 1 ለ3 ሲካፈል 2.36 ኩብ ገደማ ነው፤ በተዳፋቱ የለካ ሰው 4.24 ያገኛል። እርጥብ አሸዋ ደግሞ እስከ ሩብ ሊነፋ ስለሚችል የምትረከቢው ደረቁን ይሁን።