የፈርዖን ስም ያለበት ጥንዚዛ እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ለንደን ነሽ፣ በታሪክ ተመርቀሻል። የጥንታዊ ግብፅ ቅርስ የሚገኝበት ፔትሪ ሙዚየም ገብተሽ የነገሥታት ስም የተቀረጸባቸውን የጥንዚዛ ክታቦች ካየሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። አባትሽ ደግሞ "ይሄ እንጀራ አይሆንም" ብለዋል። ተበድሬ ማስተርስ ልጀምር ወይ ነው ያልሽኝ።

ብድሩን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ቅርስ መመዝገብ ልመጂ።

ለምን መሰለሽ? አንዷን ስካራብ፣ ማለትም የጥንዚዛ ክታብ፣ እንውሰድ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ከለስላሳ ድንጋይ ተቀርጻ፣ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ቅብ ተቀብታ ተተኩሳለች፤ ክር እንዲገባባት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበስታለች። ገልብጠሽ ሆዷን ስታዪው "መንኸፐሬ" ይላል። የሳልሳዊ ቱትሞስ ስመ መንግሥት ነው። ጀማሪ ወዲያው "የቱትሞስ ዘመን" ብሎ ይመዘግባታል። ግን ንጉሡ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1425 ገደማ ይሁን እንጂ፣ ስሙ ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታመን እሱ ካለፈ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ክታብ ላይ ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አትመኚ። የራሷን ቅርጽ፣ የክንፏን መስመር፣ የእግሮቿን አቀራረጽ፣ ከየትኛው መቃብር ከምን ጋር እንደወጣች ሁሉ ማየት አለብሽ። ይሄን የሚችል ሰው ሙዚየም ውስጥ ቦታ አለው።

ሳልሳዊ አሜንሆቴፕ ያስቀረጻቸው ትልልቆቹ ይቀላሉ። ጽሑፋቸው ረዘም ይላል፤ አንደኛው ዓይነት ንጉሡ በነገሠ በ10 ዓመት ውስጥ 102 አንበሳ በገዛ ቀስቱ እንደገደለ ይናገራል። ከነዚህ ጀምሪ።

ፔትሪ ከ80,000 በላይ ቅርስ አለው፣ ካታሎጉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አሥር ስካራብ ምረጪና ለእያንዳንዷ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ መጠን፣ ቁስ፣ ጽሑፍ፣ ዘመን፣ ከየት በማን እጅ እንደመጣች። የመጨረሻዋን ነጥብ አደራ! ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1983 የቅርስ ንግድን በሕግ ከልክላለች፣ ሙዚየሞችም ስብስባቸው እንዴት እንደተገኘ በየጊዜው ይጠየቃሉ፤ ይህን የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የግብፅ ክፍል ኃላፊነት ቦታ እምብዛም አይከፈትም፣ ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም። በመዝገብ ሥራ፣ በቅርስ እንክብካቤ፣ በስብስብ ረዳትነት ግን መግባት ይቻላል። በጎ ፈቃደኝነትም ጠይቂ፣ ግን የቤት ኪራይሽን የሚከፍለውን ሥራ ሳትለቂ። ማታ ማታ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብ ተለማመጂ፣ የሙያው ጽሑፍ ግማሹ በነሱ ነው። ማስተርሱ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አሥሩን ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ሲቪሽ ላይ የት እንደሚገባ አብረን እናያለን።